ነፍስ ሁሉ ይማር

መሰላል ላይ የወጣ ሰው ጆሮውን መሬት ላይ አስቀምጦ የሚወጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት የሰፈራችን ትምህርት ቤት በር አናት ላይ ተንጠልጥዬ ዝናብ ያጠባቸውን ፊደሎች በጥቁር ቀለም እደግማለሁ፤ ከስሬ ዳይሬክተሩና መዝጋቢዋ ጠረጴዛ አውጥተው፣ ትምህርት ቢጀመርም ያላለቀውን ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ያካሂዳሉ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይመስልም። በዋጋ ስንከራከር «ፊደሉን በነጠላ ነው እንዴ የምትሸጠው?» ብሎኝ፣ እኔም «በጅምላማ የሚሸጠው እርስዎ ጋ ነው» ብዬው ተሳስቀናል። ግራጫ ኮት ለብሷል፤ አዲስ ነው፤ ዋጋውን ሁለቴ ነግሮኛል። ይሄኔ የወንድሜ ሚስት ትንሿን ልጇን ይዛ መጣች። ትንሿ የእህቷን ጫማ አድርጋለች፤ ሰፊ ስለሆነ ጫፉ ላይ ጥጥ ተወትፎበታል፤ ስትራመድ አንድ ልጅ ሳይሆን ሁለት ልጅ የሚሄድ ይመስል ኮቴው ይደግማል።

«ቦታ ሞልቷል፣ እመቤት» አላት ዳይሬክተሩ ቀና ሳይል።

«ትናንት ነገ ነይ ብለውኝ ነበር።»

«ትናንት ነገ ነበር። ዛሬ ሞልቷል።»

ቆመች። አንዴ ቀና ብላ እኔን አየችና እንደማታውቀኝ ሆና ልጇን ይዛ ተመለሰች። ሥራዬን እንዳላጣ ብላ ነው። ከኋላዋ የነበረችው ባለጃንጥላ ሴትዮ ቀላ ያለ ልጇን ይዛ ስትቀርብ፣ መዝጋቢዋ «ስንት ዓመቱ ነው ይሄ ማር?» ብላ ጻፈችው። ሞልቷል የተባለው ቦታ ለማር ተከፈተ። ሴትዮዋ እንደሄደች መዝጋቢዋ ወደ ዳይሬክተሩ ዘንበል ብላ «አንዷን ካስገባን ከሰል ሰፈር በሙሉ ነው የሚከተላት፤ ግድግዳውን ደግሞ ገና አምና ነው ነጭ ያስቀባነው» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ግድግዳውን ነጭ የቀባሁት እኔ ነኝ። የልጅቷም አጎት እኔው ነኝ፤ ግን እኔ ቀይ ስለሆንኩ ዝምድናችን ለማንም አይታየውም። እንግዲህ ያን ጊዜ ከብሩሼ አንዲት የጥቁር ቀለም ጠብታ ወርዳ ዳይሬክተሩ ትከሻ ላይ፣ ከአዲሱ ኮት ላይ፣ ቁጭ አለች። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው እላለሁ፤ የጠየቀኝ ካለ።

ሰፈሩ «ቀደዳው» ነው የሚለኝ፤ ወሬ እቀዳለሁ ይላሉ። እኔ ግን ስዋሽ በመጠኑ ነው። ለምሳሌ ያ ከሰል ሰፈር የሚሉት እውነተኛ ስሙ ጡብ ሰፈር ነው፤ የከተማው ቤት ሁሉ ጡብ ከዚያ ነው የወጣው፤ ሠሪዎቹ መልካቸው ከሌላው ሰው ይጠቁራል፣ ግማሾቹ ቤተ ክርስቲያን ግማሾቹ መስጊድ ይሄዳሉ። የወንድሜ ሚስትም የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። ይህ ቀደዳ አይደለም። ግድግዳቸውን የሠራላቸው ሰው በበራቸው እንዳይገባ የሚከለክሉ ሰዎች አሉ ብዬ ብነግራችሁ ግን ቀደዳ ይመስላችኋል።

ሥራዬን ጨርሼ እቤት ስደርስ ቤቱ እንደወትሮው ዝም ብሏል። ሁለት ክፍል ነው ያለን፤ በአንዱ እናቴ፣ በሌላው ወንድሜ ከነቤተሰቡ፤ እኔ ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮው ሥር ከመቃብር ድንጋዮቼ ጋር እተኛለሁ። የሱቅ ስም እጽፋለሁ፣ ዋናው ሥራዬ ግን የሞተ ሰው ስም ነው፤ የሁለቱም ሃይማኖት መካነ መቃብር ደንበኛዬ ነው። ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ትልቋ ልጁ አምና እንዲሁ «ሞልቷል» ተብላ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳለው ሩቅ ትምህርት ቤት ስትመላለስ የጭነት መኪና ገጫት። ወንድሜ ያንኑ መንገድ ዛሬም በየቀኑ ይነዳዋል። እዚያች ቦታ ሲደርስ ማንም ሳይወርድ ማንም ሳይሳፈር ቀስ ይላል፤ ተሳፋሪው «ሹፌር፣ ምን ሆነሃል?» ይላል፤ እሱ ማርሽ ይቀይራል። እቤት ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም። ግን ማናችንም ገብተን በር ስንዘጋ ትንሽ እናቆየዋለን፤ ከኋላችን የሚገባ ሰው የቀረ ይመስል። ትንሿ ደግሞ እስካሁን ከአልጋቸው ጠርዝ ላይ ነው የምትተኛው። የመስኮቱ በኩል የእህቷ ነበር። ሌሊት ስንቴ ወድቃለች፤ እናቷ ወደ ውስጥ ብትገፋትም ተመልሳ ጠርዙ ላይ ትገኛለች።

እናቴና የወንድሜ ሚስት ፊት ለፊት አይነጋገሩም። «ለእናትሽ ጨው አልቋል በያት»፣ «ለአያትሽ ነገ እገዛለሁ በያት» እየተባባሉ ትንሿን እንደ ስልክ ይጠቀሙባታል። እናቴ ልጅ ሲወለድ የጆሮውን ጫፍ አይታ ሲያድግ የሚይዘውን ቀለም የምትተነብይ ሴት ናት፤ ትልቋ የተወለደች ጊዜ ጆሮዋን አየችና ምንም ሳትል ብርድ ልብሱን መልሳ ሸፈነችላት። ያ ዝምታ እስከዚያን ዕለት ድረስ ከቤቱ አልወጣም። አምና ትልቋ ስትቀበር እናቴ ጉልበቴን ብላ ቀረች። ያው ጉልበት ግን ገበያ ድረስ ይወስዳታል፣ ከነሸቀጡም ይመልሳታል። ከጡብ ሰፈር ሰዎች ጋር በአደባባይ መታየቱ ነው የከበዳት፤ ሁላችንም አውቀናል።

የዚያን ቀን ከቀብሩ ላይ ግን አንድ ነገር ተጀመረ። የወንድሜ ሚስት ቤተሰብ የመስጊድ ነው፣ እኛ የቤተ ክርስቲያን፤ ስለዚህ ቄሱም ሼኩም መጡ። የኔ ነው የኔ ነው ይባባላሉ ብዬ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሁለቱም ያችን አጭር ሳጥን አይተው አጠገብ ለአጠገብ ቆሙ። ቄሱ «የትኛው ትምህርት ቤት ነበረች?» ብለው ጠየቁ። ሼኩ «የሩቁ» አሉ። «የቅርቡስ?» «ሞልቷል።» በቃ፣ ከዚያ ጀምሮ አንድ ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ አንድ ሳምንት በመስጊዱ ግቢ ከጡብ ሰፈር እናቶች ጋር መሰብሰብ ሆነ። አቤቱታ አስገቡ፣ ሽማግሌ ላኩ፤ መልሱ ያው ሞልቷል ነው። ዘንድሮም እምቢ ካሉ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ልጆቹን ይዘን በእግራችን ትምህርት ቤቱ ድረስ እንሄዳለን ተባለ። የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሰልፍ ክልክል ነው አለ። ቄሱ «ሰልፍ አይደለም፣ ልጆች ማድረስ ነው» ሲሉት፣ የጽሕፈት ቤቱ ሹም «ጨርቅ ከያዛችሁ ሰልፍ ነው» አላቸው። ሼኩ ኋላ ላይ «ራቁታችንን ሂዱ ማለቱ ነው እንዴ?» ብለው ቄሱን አሳቋቸው።

መፈክር የሚጻፍበት ጨርቁማ መያዝ ነበረበት። በምን ቃል የሚለው ግን ስንት ስብሰባ በላ። ቄሱ እግዚአብሔር ይግባበት፣ ሼኩ አላህ ይግባበት፤ በመጨረሻ ፈጣሪ በሚለው ተስማሙ፤ ይሄኔ አንዲት አፈኛ የጡብ ሰፈር እናት ተነስታ «የሚማሩት ልጆቹ ናቸው፤ ፈጣሪ ተምሮ ጨርሷል» አለች። ስለዚህ «ልጅ ሁሉ ይማር» ተባለ። አጭር፣ ግልጽ፣ ለጸሐፊውም ቀላል።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ አባቶችና እናቶቹ ግቢያችን ተሰበሰቡ። የወንድሜ ሚስት ነጭ አንሶላ ይዛ ወጣች፤ የሁለቱ እህትማማቾች አልጋ አንሶላ ነው፤ ከሱቅ እንግዛ ሲሏት የአንሶላ ዋጋ ሰማይ ነክቷል ብላ እምቢ አለች። የኔም ቀለም ጥቁሩ ብቻ ነው የቀረው። አንሶላውን በሁለት መቃብር ድንጋዮች መካከል ወጠርኩና ጀመርኩ። እኔ ፊደል አውቃለሁ፣ ንባብ ግን ብዙ አልገፋሁበትም። ትምህርት ያቆምኩት ማጥበቅና ማላላት ላይ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ዋና» ብሎ ጽፎ፣ ሲጠብቅ ምን ይሆናል፣ ሲላላ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ፤ ለኔ የላላው ቀድሞ ገባኝና ወንዝ ወረድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ስጽፍ እጄ ነው የሚጽፈው፣ እኔ ሌላ ወሬ አወራለሁ። የዚያን ዕለትም ለሼኩ የኮቱን ነገር እየቀደድኩላቸው እጄ ሥራውን ጨረሰ። ዞር ስል ሁሉም አንሶላው ላይ አፍጥጠዋል። ቄሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ነፍስ… ሁሉ… ይማር።»

«ማን ሞተ?» አሉ ሼኩ።

እጄ ስንት ዘመን ሙሉ «ይማር»ን ሲጽፍ ከፊቱ ያለው ቃል ሌላ ሆኖ አያውቅም። በድንጋይ ላይ በቀረጽኩት ቁጥር፣ በእንጨት ላይ በጻፍኩት ቁጥር፣ ነፍስ ይማር ነው። «ልጅ» የሚለውን እጄ አልሰማም። «ሆን ብሎ ነው!» አለች ያቺ አፈኛ፤ «ቀደዳው በሬሳም ይቀልዳል!» እኔ ማልኩ፤ የኔን መሐላ ማን ያምናል። ሌላ አንሶላ የለም፤ ቀለሙ ረጥቧል፤ ልጆቹ ተጣጥበው በር ላይ ቆመዋል። ቄሱ «ይህን ይዘንማ መሳቂያ ነው የምንሆነው» አሉ። የወንድሜ ሚስት ወደ አንሶላው ተጠጋች። ከላይ እስከ ታች አየችው። ጣቷን ወደ «ነፍስ» ዘርግታ፣ ቀለሙ እንዳይነካት ይሁን እንዳታበላሸው፣ ሳትነካው መለሰችው።

«ይሁን» አለች። ያቺ አንዲት ቃል በቃች፤ ሁላችንም ተነሳን።

ወጣን። ቄሱና ሼኩ ከፊት፣ አንሶላውን እኔና የወንድሜ ሚስት በሁለት እንጨት ይዘን፣ እናቶቹና ልጆቹ ከኋላ። እናቴ በመስኮት አየችን፤ መጋረጃው ተመልሶ ወደቀ። መፈክር ማሰማት ነበር የታሰበው፤ ግን በዚያ ጨርቅ ሥር ማን ይጮሃል? ዝም ብለን ሄድን። የትንሿ ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ኳ ሲል ቆይቶ ሌላ ኳ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ጨርቅ የያዘ ሰው እንዳታሳልፍ ተብሏል። እጁን አነሳ፣ አፉን ከፈተ፣ ጨርቁን አነበበ። አፉን ዘጋው። ባርኔጣውን አወለቀና ዞሮ መኪናውን ሁሉ አስቆመልን። አለቆቹ ሰልፍ አስቁም አሉት እንጂ ቀብር አስቁም አላሉትም፤ ቀብር የሚያስቆም ሰው ደግሞ እናቱ አልወለደችውም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ባልነግራችሁ ይሻለኛል፤ አታምኑኝም። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ተከተለን። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሹን ላጭቶ ትቶት ወጣ፤ ደንበኛውም ግማሽ ራሱን በእጁ ሸፍኖ ከኋላው መጣ። አላፊ አግዳሚው ሬሳ አይታለፍም እያለ እየተቀላቀለ ከፊት ቆመን ጅራታችንን ማየት አልቻልንም። ጅራቱ ላይ ደግሞ የሞተው ሰው ሀብታም ነጋዴ ሆኗል፤ ጥቂት ቆይቶ ከእርሱም በልጦ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ሆነ፤ አንዲት ሴትዮማ «ወይኔ ደግነቱ!» እያለች ታነባ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀደዳ እኔ ራሴ አልደፍረውም። አንድ ሽማግሌ ግን ከጎኔ ገብተው በሹክሹክታ «ሬሳው የታለ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ ላበጅ ስል የወንድሜ ሚስት ፊቷን ሳትመልስ «ቀድማለች፣ አባቴ» አለቻቸው። አንሶላው ነፋስ ሳይኖር ሲወጠር ተሰማኝ። እንጨቱን አጥብቄ ያዝኩ።

ወደ ቅርቡ ትምህርት ቤት ከመታጠፋችን በፊት አውራ ጎዳናውን ዳር ዳሩን ስንሄድ፣ እዚያችው ቦታ ላይ፣ አውቶቡስ ቀስ እያለ መጣ። ወንድሜ ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ እንደምንሆን አላወቀም፤ ከሥራ ፈቃድ አልሰጡትም ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የልጁን አንሶላ አየ፣ ጽሑፉን አነበበ፣ ከኋላው መጨረሻ የሌለውን ሰው አየ። ሞተሩን አጠፋ። ለተሳፋሪዎቹ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ ወረደ፣ እነሱም እየተከታተሉ ወረዱ፤ ማንም «ሹፌር ምን ሆነሃል?» አላለም። መጥቶ የሚስቱን እንጨት ተቀበላት። አምና ሳጥኑን የያዘው በዚያው እጁ ነበር።

ይሄኔ ከኋላ ሰው መንገድ ሲለቅ አየሁ። እናቴ ናት። ከዘራዋን ይዛ፣ ጥቁሩን ልብሷን ለብሳ፤ አምና ከልብስ ሳጥን አውጥታ አልጋዋ ላይ ዘርግታው ሳትለብሰው የመለሰችውን ልብስ። ጎረቤት «ሰፈሩ ሁሉ ቀብር ወጥቶ አንቺ ትቀሪያለሽ?» ብሏት ይሁን፣ ሌላ ነገር ጠርቷት ይሁን አላውቅም። ከጡብ ሰፈር እናቶች መካከል ገብታ እስከ ፊት ደረሰች። አፏ ለምዶበት ትንሿን ነው የጠየቀችው።

«ለእናትሽ ማን ሞቶ ነው በያት።»

ትንሿ መልእክቱን አላደረሰችም። ራሷ መለሰች።

«እህቴ ናት፣ አያቴ። አምና ጉልበትሽን አሞሽ ነበር።»

ልጅ ነገር አይደብቅም፤ ክፋትም የለበትም። እናቴ ትንሽ ቆመች። ከዘራዋን ወደ ግራ እጇ አዛውራ በቀኟ የትንሿን እጅ ያዘች፤ እንደዚያ ይዛት መንገድ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። የወንድሜ ሚስት አልዞረችም። ግን እርምጃዋን ቀስ አደረገች፤ ለአሮጊት ጉልበት የሚሆን እርምጃ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ለለቅሶ የመጣን ማን ይጠይቃል። ይህ ዘበኛ የድሮ ወዳጄ ነው። አምና ቀብሩ ካለፈ በኋላ ክፍሎቹን ነጭ ስቀባ ወሬ ቅደድልኝ ይለኝ ነበር፤ እኔም ልቤ ሌላ ወሬ አልፈጥርልህ ሲለኝ፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ በመስኮቱ በኩል ያለው ዴስክ ማንም ሳይነካው ሲጢጥ ይላል፣ ብነካው ሞቀኝ፣ አሁን የተነሳ ሰው እንዳለበት ነው አልኩት። ስም አልጠራሁም። እሱ ለጽዳቷ ነገራት፣ ጽዳቷ ለመምህሯ። ውሸት እንደ ጭቃ ጡብ ነው፤ ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል፣ ከደረቀ ቤት ይሠራበታል። ወሬው ወደኔ ሲመለስ ዴስኩ ላይ የማትታይ ልጅ አለች፤ የቤት ሥራ ትሠራለች፣ ጠመኔ ትወስዳለች፣ ስሟ ሳይጠራ ሲቀር ትተነፍሳለች ይባል ነበር። የሚቀመጥበት ልጅ ጠፋ። ዴስኩ እስከዚያች ቀን ባዶውን ነው።

ዳይሬክተሩ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ደረጃው ላይ ቆመ። ሰዉ ደግሞ ትከሻው ላይ ያለችውን ጥቁር ጠብታ አየ፤ ጥቁር ጨርቅ ያሰረ ሐዘንተኛ መሰላቸው። የሟች ዘመድ ተገኘ ብለው ይጨብጡት ጀመር። «ያጽናዎት፣ ጋሼ!» «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት!» ምን ያድርግ፣ «አሜን፣ አሜን» ይላል። ያቺ «ወይኔ ደግነቱ» ባይዋ ሴትዮ አቅፋ ሳመችው። በመጨረሻ ጨርቁ ስር ደረሰና ጮክ ብሎ አነበበው፣ እንደማንኛውም ሰው አላልቶ። «ነፍስ ሁሉ ይማር። ኧረ ማን ሞቶ ነው፣ አባቶቼ?»

ቄሱና ሼኩ ተያዩ። ሁለቱም ንግግር አዘጋጅተዋል፤ ሁለቱም «እርስዎ ይቅደሙ» አሉ። በዚያች የጨዋነት ክፍተት የወንድሜ ሚስት ወደ ፊት ወጣች።

«ጠበቅ አድርገው ያንብቡት» አለችው።

«ምን?»

«የመጨረሻዋን ቃል። ጠበቅ አድርገው።»

አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ገባው። ከንፈሩ «ይማር»ን ተጭኖ ያዘው፣ ድምፅ ግን አላወጣም።

«እሱ ነው» አለች። «አምና ላልቶ ተነበበልን። ዘንድሮ ጠብቆ ይነበብልን።»

የሀብታሙ ነጋዴ ሐዘንተኞች፣ የጄኔራሉ ወታደሮች፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨው ሰውዬ፣ ሁሉም ማን እንደሞተና ለምን እንደመጡ ያን ጊዜ አወቁ። አንድም የሄደ የለም። ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገ፤ «እኔ ክፋት የለኝም፤ ቦታው ሞልቶ ነው» አለ። ሼኩ «ዴስክ ከሆነ የጎደለው ከመድረሳው እናመጣለን» አሉ። ቄሱ «ከአዳራሹም እናመጣለን፤ ለነዚህ ልጆች ሁሉ ይበቃል» አሉ። ዳይሬክተሩ ሰዉን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ «እንግዲያው ነገ… ዴስኩ ሲመጣ…» ማለት ጀመረ። ነገ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ሕዝቡ ጉርምርም አለ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠራረገና «ለአንዷስ ዛሬም አለ፣ ጌታዬ፤ ያቺ የመስኮቷ» አለ።

ዳይሬክተሩ ሳያስበው «እሷማ ተይዛለች» አለ።

«በማን?» አሉ ቄሱ።

እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የተያዘው። ባዶ ናት ቢል ትንሿ ትገባለች፤ ተይዛለች ቢል በማን እንደሆነ መናገር አለበት። ያ የተማረ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶም ቆለፈው። ኋላ ላይ ለብቻችን ስንሆን ልስቅበት አስቤ ነበር። ግን እናቴ ከዘራዋን መሬት ላይ መታ መታ አድርጋ ወደ ደረጃው ቀረበች። እሷም ወሬውን ሰምታዋለች ለካ፤ ዴስኩ ላይ አለች የተባለችው ማን እንደሆነችም ገብቷታል።

«በእህቷ ከሆነ» አለች፣ «ትጠጋላታለች።»

ከዚያም ዞር ብላ፣ ያለ አስተላላፊ፣ ፊት ለፊት የወንድሜን ሚስት አየቻት። «አይደል፣ ልጄ?»

የወንድሜ ሚስት ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ትንሿን አስገቧት። የተቀሩት ልጆች በማግስቱ ከነዴስካቸው ገቡ፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጋሪ ዴስክ ሲያመላልሱ የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ያም ቢሆን ያለ ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ባለጃንጥላዋ ሴትዮ ልጇን አስወጥታ ወሰደች፣ ሌሎችም ወሰዱ። እሱ የሌላ ቀን ነገር ነው። ያን ዕለት እኛ አራታችን፣ እኔ፣ እናቴ፣ ወንድሜና ሚስቱ፣ ከውጭ በመስኮቱ ቆመን አየን። ነጩ ግድግዳዬ እንደ አንሶላ ያበራል። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያያሉ፤ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። ትንሿ በዚያ በሚደግመው ኮቴዋ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄደችና ዴስኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ግማሽ አካሏ ውጭ ነው።

«ወደ ውስጥ ግቢ እንጂ፣ ትወድቂያለሽ» አለቻት መምህሯ።

«ይበቃኛል» አለች።

ወንድሜ በጆሮዬ «ያንን የዴስክ ወሬ ያመጣኸው አንተ ነህ አሉ» አለኝ። ቀደዳ ነው፣ ባዶ ቀደዳ፣ ልለው አፌን ስከፍት፣ ከውስጥ ዴስኩ ሲጢጥ አለ። ትንሿ አልተነቃነቀችም ነበር። አሮጌ እንጨት ነው፣ ይጮሃል። መምህሯ መጽሐፍ አምጥታ ከፊቷ አኖረችላት። ትንሿ መጽሐፉን ወደ መሀል፣ ወደ መስኮቱ በኩል ገፋ አደረገችው። የመጀመሪያውን ስዕል አየች፣ ጣቷን ከገጹ ሥር አስገባች። አልገለጠችውም።

ትንሽ ጠበቀች።